የተረፈ አይደበቅም

መምህር አስናቀው መሞቱን የሰማሁት ንፋስ መውጫ ገበያ፣ እህል ተራ ውስጥ ገብስ ሳሰፍር ነው። ወሬውን ያመጣው ከመካነ ኢየሱስ ጨርቅ እየጫነ የሚመጣ ሰይድ የሚባል ነጋዴ ነበር። ሰይድ ተጫዋች ሰው ነው፤ ከሩቅ ሲያየኝ አንድ ቀልድ ሳይወረውር አያልፍም። ያን ቀን ግን ዝም ብሎ መጣና ከጎኔ ቆመ። ሰፋሪው ቁናውን እስኪገለብጥ ጠበቀ። ከዚያ «አያ ደምሌ፣ እግዜር ያጽናዎት፤ መምህሩ አረፉ» አለኝና ከብብቱ አንዲት ትንሽ የቆዳ ከረጢት አውጥቶ በመዳፌ ላይ አስቀመጠ።

ከረጢቷን ሳልፈታት አወቅኋት። ውስጧ ባቄላ ነው። ሰይድ እንደ ነገረኝ መምህሩ በክረምቱ ታሞ ሦስት ሳምንት ያህል ተኛ። ሊያርፍ ሲል ባለቤቱን «ይህችን ለየሻረግ አድርሱልኝ፤ በአባቷ እጅ ግን ይሁን» ብሎ ነበር። የሻረግ ልጄ ናት፤ ዛሬ ደብረ ታቦር ጠመኔ ይዛ ታስተምራለች። ወደ እሷ በቀጥታ የሚሄድ መኪና ሞልቶ ሳለ በእኔ እጅ እንዲሆን ለምን እንደ ፈለገ ሰይድ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ይህንንም የምጽፈው ስለዚያ ነው።

መምህር አስናቀው ወደ አገራችን የመጣው የሻረግ አሥር ዓመት ሲሆናት ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነበር። በልጅነቱ ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር ቆይቶ ኋላ ወደ አስኳላ የዞረ ነው። ድምፁ ከዚያ የቀረ ነበር፤ ጮኾ ሳይናገር ከክፍሉ ውጪ ይሰማል። ሁልጊዜ የሚለብሰው አንድ ካኪ ኮት ነበረው። የኮቱ ሁለት ኪሶች በባቄላ ተወጥረው ሲራመድ ይንኳኳሉ። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ባቄላው» ይለው ጀመር። «ሐምሌ ሲገባ በኪሱ ይበቅልበታል» እያሉ ይሥቁበት ነበር። እሱም ሲሰማ «ከበቀለማ እሸቱን አበላችኋለሁ» ይል ነበር እንጂ አይቆጣም።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ከደብራችን ቄስ ዘንድ ነው፤ ንባብ ሳልጨርስ አባቴ ሞተብኝና ወደ ሞፈሩ ተመለስሁ። ማባዛትን የተማርሁት ግን ብቻዬን፣ ከአንድ ደብተር ጀርባ ነው። በዚያን ጊዜ በደብተሮች ጀርባ ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ይታተም ነበር። አንዱን ከገበያ ገዝቼ ሁለት ክረምት ሙሉ እንደ ዳዊት ደገምሁት። ከሁለት እስከ አሥራ አራት ያለውን በቃሌ እወጣዋለሁ። አሥራ ሦስቱንና አሥራ አራቱን ሰንጠረዡ አልነበረውም፤ ራሴ እየደመርሁ ጨመርሁባቸው። በዚህም እኮራ ነበር። ኩራት መጥፎ መሆኑን ለልጆቼ ስነግር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የራሴን ግን ኩራት አልለውም ነበር፤ ትጋት እለው ነበር።

የሻረግንም እንደዚያው አስተማርኋት። ማታ ማታ ራት ሳትበላ ትቆምና ሰንጠረዡን ትወጣልኛለች። ስትሳሳት ልምጭ አለ። ልጅቱ በዘጠኝ ዓመቷ ሳታቋርጥ እስከ አሥራ ሁለት ትወርደው ነበር። እንግዳ ሲመጣ አስጠርቼ አስወጣት ነበር።

አንድ ቀን ከማሳ ስመለስ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል አለፍሁ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ የሉም። ሜዳው ላይ ተሰልፈዋል። ሃያ አራት ናቸው፤ አራት ረድፍ ሆነው በየረድፉ ስድስት ቆመዋል። መምህሩ ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ አነጣጣሪ ያያቸዋል። ከዚያ ተነሥቶ ዞረና ከጎናቸው ቁጢጥ አለ።

«ከዚያ ሳያችሁ ስንት ረድፍ ነበራችሁ?»

«አራት።»

«ከዚህ ሳያችሁስ?»

«ስድስት።»

«ከእናንተ የተነቃነቀ አለ?»

የለም አሉ። ቀጥሎ «አሁን ሃያ አራት መሆናችሁን ብቻ አውቃለሁ እንበል፤ ረድፉ ስድስት እንዲሆን ብፈልግ በየረድፉ ስንት ስንት ላቁም?» አለ። ልጆቹ ወደ ረድፋቸው ዞር ዞር ብለው አዩና አራት አሉት። «በገባችሁበት በር ወጣችሁ» አላቸው። ይህ የዘወትር ቃሉ ነበር። ማባዛት መግቢያው ነው፣ ማካፈል መውጫው ነው፤ በሩ ግን አንድ ነው ይላቸዋል።

እኔ አጥሩ ላይ ቆሜ ደሜ ፈላ። እረኛ እየቸገረኝ፣ ሌላ ሰው ቀጥሬ ልጄን የላክሁት ሜዳ ላይ እንድትቆም ነው? ገባሁና ይህንኑ ነገርሁት። ያን ጊዜ «አንተ» ነበር የምለው። በእኛ ቤት ባቄላ ይበላል እንጂ አይማሩበትም፤ ቁጥር በቃል ነው፣ በልምጭ ነው አልሁት። ልጆቹ እየሰሙ ነው። ትንሽ ፈገግ አለና «ከትምህርቱ በኋላ እኮ እንቀቅለዋለን፣ አያ ደምሌ» አለኝ። ከዚያ ወደ ክፍል እንድገባና ቁጭ ብዬ እንዳይ ለመነኝ። ገባሁ፤ ልከራከረው እንጂ ልማር አልነበረም።

ክፍሉ ውስጥ ለአንዲት ልጅ አሥራ ሰባት ባቄላ ሰጣትና ለአምስት ጓደኞቿ እኩል እንድታደርስ አዘዛት። እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ደረሳቸው። ሁለት ባቄላ ተረፈባት። ልጅቱ ጨነቃትና ሁለቱን ባቄላ አፏ ውስጥ ከተተቻቸው። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እሱ አልሣቀም፤ አልመታትምም። መዳፉን ዘርግቶ ከአፏ እስክታወጣቸው ጠበቀና በኮቱ ጫፍ አብሶ ከሌሎቹ ለይቶ በገበታው መካከል አስቀመጣቸው።

«የተረፈ አይደበቅም» አለ። «የተረፈውን ከደበቅሽው ወደ ኋላ ስትመለሺ አሥራ ሰባቱን አታገኚውም። እኩል ያልሆነ ነገር አያሳፍርም፤ በግልጽ ይቀመጥ።»

ያን ጊዜ ይህ ቃል ለእኔ ምኔም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤቴ መጣ። ከሰው ጋር ተጣልቶ ማደር አይችልም ነበር። ጠላ ቀረበለትና ሲጠጣ የሻረግን ጠርቼ የስምንትን ሰንጠረዥ አስወጣኋት። እንደ ውኃ ወረደችው። መምህሩ አመሰገናትና አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ አላት። ሃምሳ ስድስት ጎመን በስምንት መስመር ቢተከል በየመስመሩ ስንት ይሆናል? ልጅቱ ወደ እሱ አላየችም፤ ወደ ልምጩ አየች። ዝም አለች። እኔ ልመልስ ብዬ በሆዴ ከስምንት ጊዜ አንድ ጀምሬ ወደ ላይ መውጣት ጀመርሁ፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ኖሯል። ሰባት ላይ ስደርስ ሰባት አልሁ። መምህሩ ከንፈሬን አይቶታል። እኔም በቃሌ የያዝሁትን ወደ ኋላ መመለስ እንደማልችል አወቀብኝ። ምንም አላለም፤ «ትክክል ነው» ብሎ ጠላውን ጨረሰ። ያ ዝምታው ከስድብ ይልቅ አበሳጨኝ። ሲወጣ በር ላይ የሻረግ ከገና በኋላ እንደማትመለስ ነገርሁት። ቤት ውስጥ ሥራ አለ፣ ጨዋታውን ቤቷ ትጫወተዋለች አልሁ። ልጅቱ ከበስተኋላዬ ቆማ ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕለት ዕለት ገናን በጣቷ ስትቆጥር አያት ነበር። ሌሎች ልጆች ገናን የሚቆጥሩት ለደስታ ነው።

የገና ዕለት ደረሰ። በእኛ ሰፈር ለበዓል በሬ በቅርጫ ይታረዳል። አጥንቱና ሆድ ዕቃው እንደ ወጉ ይከፋፈልና ንጹሑ ሥጋ በሙዳ በሙዳ ተቆርጦ በተጎዘጎዘ ቅጠል ላይ በየመደቡ ይቀመጣል። መደቦቹ እኩል መሆናቸውን ሁሉ ካየ በኋላ ዕጣ ይጣላል። ዕጣው ከመጣሉ በፊት አንድ ሰው እንኳ ቅር ካለው በዓሉ ይበላሻል። ዱሮ ሙዳውን እየዞሩ አንዳንድ ይጥሉ ነበር፤ እስከ ቀትር ይፈጃል፣ ንትርኩም ብዙ ነው። እኔ ሰንጠረዡን ካወቅሁ ወዲህ ግን ቁጥሩ የእኔ ሆነ። አሥራ አራት ቤት ነበርን። መቶ አሥራ ሁለት ሙዳ አስቆርጣለሁ፤ ለየመደቡ ስምንት ስምንት ይጣላል፤ አለቀ። ሰው በዚህ ያከብረኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ሁለት ቤት ተጨመረ። አንዱ መምህር አስናቀው ነው። ሌላዋ እማሆይ ወለቴ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ቅጠሉ ላይ አሥራ ስድስት መደብ ተዘጋጀ፤ አራት ረድፍ፣ በየረድፉ አራት። ብልት የሚያወጣው ጎረቤቴ ሞላ ነበር። እንደ ልማዱ መቶ አሥራ ሁለቱን ቆርጦ ጨረሰና ስንት ስንት ልጣል አለኝ። ስምንት አልሁ። አላሰብሁም። ስምንት ከአፌ የወጣው ጸሎት ከአፍ እንደሚወጣ ነው።

ሞላ ስምንት ስምንት እየጣለ ሄደ። አሥራ አራት መደብ ተሞላ። ሥጋው አለቀ። ሁለት መደብ ባዶ ቅጠል ሆኖ ቀረ።

እማሆይ ወለቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ሞላ ቢላዋውን ይዞ እኔን ያያል። ቁጥር የእኔ ስለሆነ ማንም ልቁጠር ብሎ አልደፈረም። እኔም ቁጥሬን አልጠረጠርሁም። «መቶ አሥራ ሁለቱን ራሴ አስቆርጫለሁ» አልሁ። «ሥጋ በእግሩ አይሄድም። ከቆዳው አጠገብ የነበረ ማን ነው?»

ከቆዳው አጠገብ የነበረው ዋሴ ነው። ዋሴ ቆዳ አልፊ ነበር፤ ሰው ፋቂ ይለዋል፣ እኔም እል ነበር። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ለብቻው ነው። የእርፉን ጠፍር፣ የአልጋውን ጠፍር፣ የእህሉን ስልቻ የሚሠራልን እሱ ነው፤ ከቤቱ ግን ውኃ የሚቀምስ ሰው አልነበረም። በበዓል ቀን በሬውን ሊገፍና ቆዳውን ሊወስድ ይመጣል፤ ለሥራው ጥቂት ሥጋ ይሰጠዋል። ያን ጊዜ ቆዳውን ጠቅልሎ በትከሻው ሊያነሣ ነበር።

ቆዳውን ዘርጋው አሉት። ዘረጋው። ምንም የለበትም። ሚስቱ ቀደም ብላ መጥታ ሄዳ ነበርና በእሷ ሰዶት ይሆናል አሉ። ታቦት ፊት ይማል የሚል መጣ። ሌላው ደግሞ መሐላውን ካልማለ ከወንዙ ዳር ይነሣልን አለ። ዋሴ ከቆዳው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ያሳያል። ደም የነካው እጅ ነው፤ የበሬው ደም። ቀና ብሎ እኔን ያያል።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ዘልያለሁ። ኋላ እመለስባታለሁ።

መምህር አስናቀው ከሰዉ መካከል ወጣ። ከመደቦቹ ፊት ቁጢጥ አለና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ዞሮ ከጎን አየ። እኔን አልፎ ከአጥሩ ሥር ከሴቶቹ ጋር ቆማ የነበረችውን የሻረግን በእጁ ጠራት።

«ምን ይታይሻል?»

ልጅቱ ወደ እኔ አየች። በዓይኔ ተይ አልኋት። ልጆቼ ዓይኔን ያውቁታል። ቆመች። ከዚያ መዳፉን ወደ ላይ የዘረጋውን ዋሴን አየች፤ ዓይኗን ከእኔ መልሳ በመደቦቹ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረች። ተመልሳም ከፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ ሥጋው አልጠፋም። ከሞሉት መደቦች አንዳንድ ቢነሣ ሁለቱ ይሞላሉ።»

አንዱ ልጅ ናት ተዋት አለ። ሌላው ባቄላ መሰላት እንዴ ብሎ ሣቀ። የደብሩ ቄስ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው «ይሞከር» አሉ። «ለመሐላው እንደሆነ ቀኑ ረጅም ነው።»

ሞላ ከየመደቡ አንዳንድ ሙዳ አነሣ። አሥራ አራት ሆነ። ሰባቱን በአንደኛው ባዶ ቅጠል፣ ሰባቱን በሁለተኛው ጣለ። አሥራ ስድስት መደብ፣ በየመደቡ ሰባት። አንዲት ሙዳ አልተረፈችም፣ አንዲት አልጎደለችም። ጉዳዩ ይኸው ነበር፤ እኔ የአሥራ አራት ቤትን ቁጥር ለአሥራ ስድስት ቤት ሰጥቼ ነበር። ቤቱ ሲጨምር ድርሻው እንደሚቀንስ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን የማውቀው መግቢያውን ብቻ ነበር።

ዕጣው ተጣለ። ሰዉ ወደ ጨዋታው ተመለሰ፤ «ባቄላው ዛሬ ሥጋ ሆነ» ተባለ፣ ተሣቀ። ዋሴ ቆዳውን መልሶ ጠቀለለና ለሥራው የሚሰጠውን ሥጋ ሳይቀበል ወረደ። ማንም አልጠራውም። እኔም አልጠራሁትም።

በማግስቱ መምህሩ ቤቴ መጣ። የመጣው ስለ የሻረግ ሊለምነኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። ተቀመጠና «ስለ ልጅቱ አልመጣሁም፤ ስለ ዋሴ ነው» አለኝ። ተሳስቻለሁ፣ ሰው ይሳሳታል አልሁት።

«ልጆቹን በገባችሁበት በር ውጡ እላቸዋለሁ» አለ። «እርስዎ የገቡት በሕዝብ ፊት ነው።»

ሌላ ምንም ሳይጨምር ተነሥቶ ሄደ። ሌሊቱን አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን ቃሉ ጠበቀኝ። አንድን ሰው በአደባባይ ሰድቦ በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ ለራስ ማድላት ነው፤ ይህን ለሌሎች ስንት ጊዜ ፈርጄ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አንድ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁ። ቄሱና ሽማግሎቹ ከፊት፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ከኋላ፣ ወደ ወንዙ ወረድን። የዋሴን ደጅ ስደርስ ተንበረከክሁ። «ተሳስቼ ነው፣ ስለ ወለደችው ብለህ ይቅር በለኝ» አልሁት።

ዋሴ እጁን አብሶ መጣና ድንጋዩን ራሱ ከማጅራቴ አወረደው። በሁለት እጁ መዘነው። «ደኅና ድንጋይ ነው» አለ። «ይቅር ለእግዜር። ድንጋዩን ግን ይተዉልኝ፤ ገንዳ ውስጥ ቆዳ እየተንሳፈፈ አስቸግሮኛል።» ሽማግሎቹ ሣቁ። እኔም ቀለል አለኝና ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም።

ከገና በኋላ የሻረግን እጇን ይዤ ራሴ ትምህርት ቤት አደረስኋት። መምህሩ አላመሰገነኝም፤ ወደ ቦታዋ እንድትሄድ ብቻ ነገራት። ልምጩንም ጣልሁት አልልም፤ ኋላም በሌላ ጥፋት መትቻታለሁ። ስለ ቁጥር ግን አልመታኋትም። እኔም በአርባ ዓመቴ አውድማ ላይ ተቀምጬ ባቄላ በረድፍ መደርደር ተማርሁ። ሲያስተምረኝ እንደ ልጆቹ አልነበረም፤ እሱ አንድ ረድፍ ይደረድርና ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የቀረውን ራሴ እንድጨርሰው ይተውልኛል። ኩራቴን ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» እለው ጀመር። ዋሴ ደግሞ ከለስላሳ የፍየል ቆዳ አንዲት ከረጢት ሰፋለትና የኮቱ ኪሶች ከባቄላ ዐረፉ።

አምስት ዓመት ከእኛ ጋር ቆይቶ ወደ መካነ ኢየሱስ ተዛወረ። ጓዙን በበቅሎዬ ጭኜ እስከ መንገዱ ሸኘሁት። መኪናው እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጅቱ ትምህርት አወራን። መኪናው ሲታይ ተነሣና ኮቱን አራገፈ።

«አያ ደምሌ፣ የተረፈ የለም?» አለኝ።

የምን እንደሆነ ገብቶኛል። የጓዙን የጠየቀ አስመስዬ ወደ በቅሎዋ አየሁና የለም አልሁት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየኝ፤ ልክ ረድፍ እንደሚያይ። ከዚያ አቀፈኝና ተሳፈረ። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልተገናኘንም።

አሁን ወደ ዘለልኋት ነገር እመለሳለሁ።

የሻረግ ከመናገሯ በፊት፣ ዋሴ ቆዳውን ዘርግቶ መዳፉን ሲያሳይ፣ ዓይኔ በሞሉት መደቦች ላይ ዐረፈ። ሳልፈልገው ቆጠርኋቸው። አሥራ አራት። አሥራ አራት ጊዜ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት መሆኑ ራሱ በምላሴ ላይ መጣ፤ የራሴ ሰንጠረዥ ነውና። ሥጋው ሁሉ ፊቴ ነበር። ማንም አልሰረቀም። ይህን ዐወቅሁ፤ ዝምም አልሁ። በሰው ፊት ቁጥር ተሳሳተ ከምባል፣ አንድ ፋቂ ቢምል ምን አለበት የሚል ሐሳብ በልቤ አለፈ። ልጄን በዓይኔ ተይ ያልኋት ስለዚያ ነው። ድንጋይ ተሸክሜ «ተሳስቼ ነው» ስል የዋሸሁት በቤተ ክርስቲያን ሰዎች መካከል ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ያን ቀን ለትሕትናዬ ምሳሌ አድርጎ ያነሣዋል። እኔም ሲያነሡ ዝም እላለሁ።

ገበያ ላይ ከሰይድ ተለይቼ ገብሱን ለጎረቤት አስጫንሁና ብቻዬን ሄድሁ። መንገድ ላይ ተቀምጬ ከረጢቷን ፈታሁ። ባቄላዎቹ ከልጅ እጅ ብዛት እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሰዋል። ነጠላዬ ላይ ስምንት ስምንት አድርጌ ደረደርኋቸው። ዘጠኝ ረድፍ ሞላ፤ ሦስት ተረፈ። ሌሎቹን ወደ ከረጢቷ መለስሁ፤ ሦስቱን በእጄ ጨብጬ ወደ ወንዙ ወረድሁ።

ዋሴ አርጅቷል። ከገንዳው አጠገብ አንድ ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥሮ ይፍቃል። ገንዳው ውስጥ ድንጋዩ አለ፤ ከላዩ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። ከረጢቷን ሰጠሁት። አገላብጦ አያትና «ስፌቱ አልለቀቀም» አለ። ከዚያ ለምን እኔ ዘንድ እንደ መጣች ገባውና ቀስ ብሎ መለሰልኝ። ነፍሱን ይማር አለ።

«ዋሴ» አልሁ፣ «ያን ዕለት አልተሳሳትሁም።»

መፋቂያውን አቆመ።

«ቆዳውን ስትዘረጋ ዐውቄ ነበር። ልጅቱ ሳትናገር በፊት። አፍሬ ነው ዝም ያልሁት።»

ከተወጠረው ቆዳ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ቆይቶ፣ ይህን ለመምህሩ ነግሬው እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ጠይቆኝ ነበር፣ የለም አልሁት አልሁ።

«እሱስ ያውቅ ነበር» አለ ዋሴ። «እኔም ዐውቃለሁ። እኔ እኮ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ከታች ሆኖ ሲያዩት የሰው ዓይን ደኅና አድርጎ ይታያል።»

«ታዲያ ድንጋዩን ስሸከም ለምን ዝም አልህ?»

«አለመስረቄን ባቄላው መሰከረልኝ፤ ይህኛውን ግን ከእኔ አፍ ማን ይሰማ ነበር?» አለና መፋቂያውን አነሣ። ሁለት ጊዜ ፋቀና ደግሞ አቆመ። «ይቀመጡ እስቲ። ከገበያ በእግር ነው የመጡት።»

በዚያ ደጅ ተንበርክኬ አውቃለሁ እንጂ ተቀምጬ አላውቅም። ተቀመጥሁ። ሚስቱ በቅል ጠላ ይዛ እስከ በሩ መጣችና እዚያው ቆመች፤ ወደ ባሏ አየች። የእኛ ሰፈር ሰው ከዚያ ቤት እንደማይቀምስ ታውቃለች። ዋሴ ወደ እሷም ወደ እኔም አላየም፤ ዓይኑን ቆዳው ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ሦስቱን ባቄላ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ቅሉን ሰጠችኝ። እስከ አተላው ጠጣሁት።